ምንጭ፦ የሰው እጅ

ኢንጂነር ናሆም የሁዳዴ ጾም እንደከበደው የነገረኝ ክትፎ እየበላ ነው። ከሕንጻችን ሥር ካለው የመስታወት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ በአንድ እጁ እሽጉን ይዟል፣ በሌላው በማንኪያ ይዝቃል። ክትፎው ለብለብ ነው። ሚጥሚጣው አለ፣ ኮረሪማው አለ፣ ቅቤው ከንፈሩ ላይ ያብለጨልጫል።

«ዘንድሮስ ጉልበቴን ጨረሰው፣ ጋሽ ያፌት» አለኝ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፌ አልዞረም። አሁን ገና መቅመሴ ነው።»

እሽጉ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። አረንጓዴ ከበራ ጾም ነው።

«ያበርታህ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

በእኔ ልጅነት ጾም ጭቅጭቅ ነበረው። ዓሣ ይበላል፣ አይበላም። ብስኩቱ ወተት አለበት፣ የለበትም። እናቶቻችን ሱቅ በር ላይ ቆመው የእሽግ ጀርባ ያስነብቡን ነበር፤ ማንም የሚያነብ ካልተገኘ ባለሱቁን ያስምሉታል። «በማርያም በል፣ ቅቤ የለበትም?» ባለሱቁ ይምላል። ከዋሸ ኃጢአቱ የራሱ ነው። ጭቅጭቁ አሰልቺ ነበር፤ ነገር ግን ሰው የሚበላው ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር።

አሁን ሱቁ ባለሱቅ የለውም፤ የሚያስምሉት ሰውም የለም። ሁላችንም እጃችን ላይ ዳኛ አስረናል። ዳኛ የምንላት ያቺን ተናጋሪ አምባር ነው። እሽጉን ታስጠጋላታለህ፣ በለስላሳ ድምጿ «ጾም» ትልና አረንጓዴ ትበራለች፤ ወይም «ፍስክ» ትልና ትቀላለች። ሰው የሚጠይቀው ምን እንዳለበት ሳይሆን ምን እንደበራ ነው። ጽዱ ማዕድ የሚባለው ኩባንያ ሥጋውን በፋብሪካ እያበቀለ ከእንስሳ ስለማያመጣው እንስሳ የለበትም፤ እንስሳ ከሌለበት ጾም ነው። ጾም ጥብስ፣ ጾም ዱለት፣ ጾም እርጎ፣ ጾም ዶሮ ከነእንቁላሉ። ድሮ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ይባል ነበር። ዛሬ ወተቱ ሞልቷል፣ የሌለችው ላሚቱ ናት።

ቅበላ የሚባለው ነገርም ቀርቷል። ምን ሊቀበሉ፣ ነገም ያው ጥብስ ነው። ሁዳዴ መግባቱን የምናውቀው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ቀዮቹ ነጥቦች ጠፍተው አረንጓዴዎቹ ሲበዙ ነው። ሰዉም በዚያ ሰሞን ፊቱን ያከስማል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ዱለቱን እየጠራረገ ስለ ሥጋ ፈተና ያወራል። እኔ ከዚህ ሕዝብ ጋር ሰባ ዓመት ልደፍን ነው።

በእድራችን የእቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ሳህኖቹና ሕፃን የሚያስተኙት ትልልቅ ድስቶች በእኔ ቁልፍ ሥር ናቸው። ድንኳኑን ዛሬም እንተክላለን፤ ሰው ድንኳን ካላየ ጎረቤቱ መሞቱን አያምንም። ድስቶቹ ግን ከተገለበጡ ዓመታት አልፈዋል። ለለቀስተኛ የሚቀርበው ከሱቁ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ቤዛዊት በዚያው ሳምንት መጥታ ድስት ስትለምነኝ ወዲያው አልገባኝም።

«ለምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«ምስር ልሠራበት ነዋ።»

ባሏ ኪሩቤል ከሁዳዴ መግቢያ ቀደም ብሎ ነው የሞተው፤ አርባው እየቀረበ ነበር። ኪሩቤል ዕድሜውን ሙሉ በጾም ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ሌላ አልቀመሰም። ጾም ክትፎ ብለው ሲጋብዙት «ሥጋ እያማረኝ ሥጋ ከበላሁ፣ ታዲያ ምኑን ጾምኩት?» ይላቸው ነበር። በዚህ ምክንያት ሕንጻው በሙሉ ነገረኛ ይለዋል። ነገረኛም ነበር። ከመሞቱ በፊት ሚስቱን አንድ ነገር ብቻ ነው ያላት፦ ተዝካሬ ላይ ያንን ነገር እንዳታቀርቢብኝ፣ አንቺው በእጅሽ ሥሪልኝ።

«ቤዛ፣ ደንቡን ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

ደንቡ አጭር ነው። በእድሩ ድንኳን ውስጥ አረንጓዴ ያልበራበት ምግብ በጾም አይቀርብም፤ ያቀረበ ሰው ከእድሩ ይሰረዛል። ለሌላው ሰው መሰረዝ ማለት ኩርፊያ ነው፤ ልጆቹ አሉ፣ ዘመድ አለ፣ ይቀብሩታል። ቤዛ ግን አልወለደችም። የእሷም የባሏም ዘመዶች አልቀዋል። እድሩ ከተዋት የሚወስዳት ያ ግራጫ መኪና ነው። ሰው የሌለውን ሬሳ እየዞረ የሚሰበስበውን መኪና ሁላችንም እናውቀዋለን። ሹፌር የለውም፤ ለቀስተኛም አይከተለውም። ሲያልፍ ሰው ፊቱን ያዞራል።

«ያ መኪና እንዲወስድሽ ነው የምትፈልጊው?»

«አልፈልግም» አለች። «እሱን ነው የምፈራው፣ ሌላ የምፈራው ነገር የለም። ግን ምስር ጾም ነው፣ ያፌት። ምስር ጾም ካልሆነ ምን ጾም ነው? አይተው ዝም ይላሉ።»

በሰው ላይ እንዲህ ያለ እምነት ያላቸው ሰዎች መጨረሻ አያምርም። ቁልፉን አወጣሁላት።

ምስሩን ያገኘችው ድሮ እህል በረንዳ ከነበረበት ጀርባ ነው። የኩባንያ ማኅተም የሌለው እህል የሚሸጠው የእንስሳት መኖ ተብሎ ነው፤ ጉድለት ተገኝቶበት ሳይሆን ዳኛዎቹ ስለማያውቁት። ቤዛም የበግ ቀለብ ብላ ገዝታ፣ የበግ ቀለብ ብላ ተሸክማ ገባች። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ በእጇ ለቀመችው፣ አጠበችው። ጎመኑን ቀነጠሰች። ሱፉን ወቅጣ ጨመቀችና ፍትፍቱን በጣቷ ፈተፈተች።

ድስቱን የጣደችው ኮሙናል ቤቱ ውስጥ ነው። ድሮ ለማብሰያ የተሠራ ነበር፤ አሁን የባትሪ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ጥግ ለቀን ሰጠናት። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ጎረቤቱ ሕንጻው የተቃጠለ መስሎት ወረደ። አንዱ የእሳት ማጥፊያ ይዞ ነው የመጣው። ሽንኩርት መሆኑ ሲነገራቸው ግን አልሄዱም። አፍንጫቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆሙ። አንዲት ሴት ዓይኗን እየጠረገች «ሽንኩርቱ ነው» አለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል።

የተዝካሩ ዕለት ድንኳኑ ሞላ። መምሬ ሱራፌል፣ የቤዛ የንስሐ አባት፣ ፍትሐቱን ጨርሰው መጡ። ሰው እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። ቤዛ ድስቶቹን ከፈተቻቸው፤ «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» አለች። ሽታው እስከ መንገድ ወጣ። ብዙ ጉሮሮ ምራቅ ሲውጥ አይቻለሁ።

ኢንጂነር ናሆም የእድሩ ሊቀመንበር ነው። ተነሣ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ዳኛዋን በምስሩ ላይ ዘረጋት።

«ያልታወቀ» አለች ዳኛዋ። ቢጫ በራች።

«እትዬ ቤዛ፣ አልታወቀም ትላለች» አለ ናሆም።

«ምስር ነው» አለች ቤዛ። «ስታየው አታውቀውም?»

«እኔማ አውቀዋለሁ። የእኔ ማወቅ ምን ዋጋ አለው?» ይህን ሲናገር አላፈረም፤ በትሕትና ነው የተናገረው። «በደንብ ትመርምረው፣ ለእርስዎም ይሻላል። ይጸዳልዎታል።»

አምባሯን ወደ ድስቱ ዝቅ አደረጋት። ዳኛዋ ቢጫዋን አጠፋች። ከዚያ ቀላች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ፍስክ። እንስሳዊ ንጥረ ነገር ተገኝቷል። ምንጭ፦ የሰው እጅ።»

የጎመኑም ያው ነው። የፍትፍቱማ ባሰ፤ ዳኛዋ ሁለት ጊዜ ደገመችው። አንዲት ሴት እንጀራዋን ገና ቆርሳ ነበር፤ ቁራሹን ሳህኑ ላይ መልሳ ጣቷን በሶፍት ጠረገች። ሰው ሁሉ መምሬ ሱራፌልን አየ። መምሬ ድስቱን አዩ፣ ቤዛን አዩ፣ የራሳቸውን እጅ አዩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሰው በተሰበሰበበት አይወጣላቸውም።

«ልጆቼ፣ ልብ ከተጠራጠረ ባይበላ ይሻላል» አሉ። ቀጥለው ሌላ ተዝካር እንዳለባቸው ተናግረው ካባቸውን ሰብስበው ወጡ።

ናሆም ከሱቁ አዘዘ። ወዲያው ነው የመጣው። ጾም ክትፎ፣ ጾም ጥብስ፣ በየእሽጉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ። እናም በኪሩቤል ተዝካር፣ ኪሩቤል በቁሙ እምቢ ሲል የኖረውን ሥጋ «ነፍስ ይማር» እያሉ በሉለት። ቅቤው በጢማቸው ወረደ። አንዱ ቀና ብሎ «ጾመኛ ሰው ነበር» አለ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤዛ አላለቀሰችም። ጭልፋውን እንደያዘች ወደ ናሆም ሄደች።

«እስቲ ያንን ነገር እጅህ ላይ አድርገው» አለችው።

«እትዬ ቤዛ...»

«አድርገው ግድ የለህም።»

ናሆም ሰው እያየው ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻለም። አምባሯን ፈትቶ መዳፉ ላይ ያዛት። ዳኛዋ ቀላች። «ፍስክ» አለች። «እንስሳዊ ንጥረ ነገር ተገኝቷል።»

«አየህ፣ አንተም ፍስክ ነህ» አለች ቤዛ። «እንግዲህ ጾመኞች ከሆናችሁ እርስ በርሳችሁ አትነካኩ።»

ይህን ብላ ጭልፋውን አስቀምጣ ወጣች። እኔ ድንኳኑ ባዶ ሲሆን ሳህን አንሥቼ ከምስሩ በላሁ፣ ደገምኩም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ርቦኝ ነበር።

ኮሚቴው በሳምንቱ ጠራት። እንደ ኮሚቴ ደግ ለመሆን ሞክሯል። ናሆም አንድ መንገድ አበጀላት፦ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆማ «ያቀረብኩት ፍስክ ነበር፣ አላወቅኩም፣ ይቅር በሉኝ» ብትል ስሟ አይሰረዝም። ይህን ያህል ነው። ሌላው ሁሉ ይረሳል።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ናት» አልኳት በኋላ ደረጃው ላይ። «በያት። ቃል አይደለም የሚቀብርሽ፣ ሰው ነው።»

«ኪሩቤልን በፍስክ ዘከርኩት ብዬ በራሴ አፍ ልመስክርበት?»

«እሱ ሞቷል፣ ቤዛ። ቀሪዋ አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሌት ተቀን የማስበው ያንን መኪና ነው። ግን አልልም።»

አላለችም። ሰረዟት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ከተራ ክፋት አያልፍም ነበር፤ ተራ ክፋት ደግሞ ለምደነዋል። የእኛ ሰዎች ግን ከክፋት የከፋ ነገር አለባቸው፤ ቀልድ አይገባቸውም። ቤዛ በንዴት የተናገረችውን ቤታቸው ወስደው ሲያላምጡት አደሩ። በየቤቱ ሰው ዳኛዋን በሚስቱ ላይ ሞከረ፣ በልጁ ላይ ሞከረ። ሁሉም ቀላ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ በጾም ቀን በባዶ እጅ መጨባበጥ ነውር ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ። ሌላው ደገፈው። ሦስተኛው ለምን እስከዛሬ ሳናስበው ቆየን ብሎ ተጸጸተ።

ጽዱ ማዕድ አልዘገየም። በሳምንቱ የመስታወት ሱቁ ውስጥ ከጾም እርጎው አጠገብ የጾም ጓንት ተሰቀለ። ስስ ነው፣ የቆዳ ቀለም አለው፤ አንጓው ላይ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች።

በሰሙነ ሕማማት ሰው ሰውን እንደማይሳለም አውቃለሁ። አባቶች ያቆዩት ሥርዓት ነው፤ ሐዘን አለው፣ ምክንያት አለው፣ ከትንሣኤ ጋር ያልቃል። ይሄኛው ግን ሐዘንም የለውም። እናቶች ለልጆቻቸው ጓንት አጥልቀው ያጎርሳሉ። ጎረምሶቹ እጅ ለእጅ የሚያያዙት ጓንት ለጓንት ነው። አሳንሰሩ ውስጥ ክርናቸው የተነካካ ሁለት ሰዎች ይቅርታ ሲባባሉ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወርደው አብረው ጥብስ በሉ። ለእኔም አንድ ጥንድ ተሰጠኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነው።

በዚህ መሃል የናሆም እናት ሞቱ። እማማ ትዕግሥት ጥሩ ሰው ነበሩ። ያረፉት ዓርብ ጠዋት ነው።

ድንኳኑን ተከልኩ። ሰው መጣ፣ ብዙ ሰው። ድሮ እንዲህ ያለ ቀን ለቀስተኛ ሐዘንተኛው አንገት ላይ ይወድቅ ነበር፤ ደረት ለደረት ተያይዘው ያለቅሳሉ፣ ሌላው መጥቶ ያላቅቃቸዋል። አሁን በተራ እየመጡ ናሆም ፊት ክንድ ርቀት ላይ ይቆማሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ጓንት ያጠለቁ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። «እግዚአብሔር ያጽናህ።» ከዚያ ያልፋሉ። ናሆም በመሃል እንደ ምሰሶ ቆሟል። ማልቀስ ይፈልጋል፤ የሚደገፍበት ሰው ስለሌለ እንባው አልመጣም። እሽጉ መጥቶለት አልበላም። ከቀብር መልስ እንደገና ቀረበለት፤ አሁንም አልበላም። እውነቴን ነው፣ አሳዘነኝ።

በዚህ ጊዜ ቤዛ ገባች።

የተሰረዘ ሰው ድንኳን አይገባም የሚል ደንብ ገና አልነበረም። በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። እጇ ባዶ ነው፤ ጓንት የለም፣ አምባር የለም። ሰው መንገድ ለቀቀላት፣ እንዳትነካው። ቀጥታ ወደ ናሆም ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እሱንም እጁን ስባ አስቀመጠችው።

«ሕመሟን አልሰማሁም ነበር፣ ናሆሜ» አለችው። «የሚነግረኝ አጣሁ።»

ዳኛዋ አንጓው ላይ ቀላች። «ፍስክ» አለች።

ቤዛ ሳህኑን ከፈተች። ምስር ነው፣ በእንጀራ። ጠቀለለችና ወደ አፉ ወሰደችው። «እሷ እንዲህ ባዶ ሆድህን ስትውል ብታይ ደስ ይላታል? እንካ፣ በእናትህ ሞት።»

በእናቱ ሞት ቀን በእናቱ ሞት አጎረሰችው። ናሆም አፉን ከፈተ። ዳኛዋ «ፍስክ» አለች። አኘከ፣ ዋጠ፤ ሲውጥ እንባው ወረደ። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዳኛዋ «ፍስክ፣ ፍስክ፣ ምንጭ የሰው እጅ» እያለች ስትጮህ በሌላው እጁ አፈናት። ቤዛ ጀርባውን እያሻሸች ሁለተኛ ጉርሻ ሰጠችው፣ ሦስተኛም። ጓንት ያጠለቁ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የሚያዩ ሰዎችን ዓይን አየሁ። ምቀኝነት ነው ያየሁት።

ያን ቀን ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ሰው ሰው ሆነ፣ ቤዛን ይመልሷታል ብዬ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ማሰቤ ያሳፍራል።

እሑድ ጉባኤ ተጠራ። ናሆም ጓንቱን አጥልቆ ቆመ። ፊቱ ታጥቦ ጸድቷል።

«ወንድሞችና እህቶች» አለ። «ሐዘን ራሴን አስቶኝ ባለፈው ዓርብ በፊታችሁ ጾም ሽሬአለሁ። ያልታወቀ ምግብ ከባዶ እጅ ተቀብያለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ይቅር አሉት። ሐዘንተኛ ነው አሉ፤ አንዲት ሴት ስለ ትሕትናው አለቀሰች። ቀጥሎ አንድ ሰው ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን በደካማ ሰዓቱ የፈተነችው ሴት እንደሆነ ተናገረ። የተሰረዘ ሰው ከእንግዲህ ድንኳን እንዳይገባ ደንብ ይውጣ አለ። ድምፅ ተጠየቀ። ጓንት ያጠለቁ እጆች ወጡ፤ አረንጓዴዎቹ ነጥቦች እንደ መስከረም ሣር አዳራሹን ሞሉት። ናሆምም አወጣ።

እኔ የእቃ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ድንኳን የሚተክልላችሁ ፈልጉ» አልኳቸውና ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም፤ ተራው የሻይና የጾም ኬክ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ቤዛን አንኳኳሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«አንተንም ሰረዙህ ማለት ነው?» አለች።

«እኔው ራሴን ሰረዝኩ።»

«ልጆችህ ይቀብሩሃል።»

«እኔ ደግሞ አንቺን እቀብራለሁ።»

«ቀድመህ ከሞትክስ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እሷ ግን አስባበታለች፤ ሌላ የምታስበው ነገር የላትም። ልጆቼ ያሉት ሩቅ አገር ነው፣ ከዚህ ሕንጻ ማንንም አያውቁም። ቤዛ ተነሥታ ምስሩን ልታሞቅ ሄደች።

ልንበላ ስንል በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ናሆም ነው። በጓሮ ደረጃ ነው የወጣው፤ ያለከልካል። ጓንቱን አጥልቋል፣ እጅጌውን ግን ወደ ላይ ሰብስቦታል፤ አንጓው ባዶ ነበር። ዳኛዋን ቤቱ ትቷት መጥቷል። እኔን ሲያይ ሊመለስ አሰበ።

«እትዬ ቤዛ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከዚያች ምስር ትንሽ ተርፎ እንደሆነ ብዬ ነው። ከዓርብ ወዲህ ሌላ ነገር አልወርድልህ አለኝ።»

ላባርረው ወይ ብዬ ቤዛን አየኋት። እሷ ወደ ውስጥ በእጇ ጠቆመችው።

«ጓንትህን አውልቅና እጅህን ታጠብ» አለችው።

አወለቀ፣ ታጠበ። ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ቤዛ ጠቀለለች፤ ጉርሻውን ግን አፉ ደጃፍ አድርሳ አቆመችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ናሆም። ስሞት ትቀብረኛለህ?»

ናሆም አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ ዓይኑ፣ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ወደ እጁ አንጓ ወረደ። እዚያ ምንም አልነበረም። ፀሐይ አግኝቶት የማያውቅ ነጭ የቆዳ ክብ ብቻ ነበር። እሱን እያየ ቆየ። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና አንጓውን አየ።

ቤዛ እጇ ሲዝል አጎረሰችው። እሱም አኘከ።